መኪናችን ስትሰበር ለኢንሹራንሱ ምን እንበል?



ዛሬ የምንጽፈው ከመድረክ ብዙ ጊዜ ስለማይሰበክበት ጉዳይ ነው፤ ስለ መኪና ኢንሹራንስ። ርዕሱን ያየ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን መንፈሳዊ ነገር አለው?» ሊል ይችላል። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ እንል ነበር። አሁን ግን የካሳ መጠየቂያ ቅጽ አማኝ የሚመሰክርበት ቦታ ነው ብለን እናምናለን፤ በጸሎት ቤት ማይክ ይዘን ከምንሰጠው ምስክርነት ይልቅ የሚፈትነንም እርሱ ነው። ማይኩን ስንይዝ ሁሉም «አሜን» ይለናል። ቅጹን ስንሞላ ግን እያንዳንዱ እውነት ብር ያስከፍለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የእህታችን ልጅ ያረጀችውን ቶዮታ ፒክአፓችንን ድንች ጭኖ ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ ይሄድ ነበር። የአገራችንን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ጉሙ ከወረደ ከፊት ያለው የሚታየው አፍንጫው ስር ሲደርሱ ነው። በዚያ ጉም ውስጥ ከሰል የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ መንገዱ ላይ ቆሟል። (ዲከረንስ የሚባለው ግራር አካባቢያችንን ከሞላው ወዲህ ከሰል የጫነ አይሱዙ የማይታይበት ቀን የለም።) ልጁ ፍሬን ያዘ፤ መንገዱ ርጥብ ነው፤ ጭነቱም ገፋው። ኮፈኑ፣ ራዲያተሩ፣ ፓራውልቱ፣ ሁለቱም የፊት መብራቶች አንድ ላይ ተጨፈለቁ። ድንቹ አስፋልቱን ሞላው። ልጁ የእጁ አንጓ ተሰበረ፤ ሕይወቱ ግን ተረፈ። ስለዚህ እግዚአብሔርን ሳናመሰግን ወደ ብሩ ጉዳይ አንገባም።

አይሱዙው ከኋላው ቅርንጫፍና ሦስት አራት ድንጋይ አስቀምጦ ነበር። እንደምታውቁት በእኛ አገር ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ምልክት ከሌለ የአደጋ ምልክቱ ይኸው ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ግን ብዙ ሰዓት አልፏል። ሰዎች መኪኖች እንዲያልፉ ብለው ድንጋዩን ወደ ዳር ወርውረውታል፤ ቅርንጫፉንም አንስተውታል። ምልክት መኖሩን የሚያውቁት የአይሱዙው ሾፌርና የእኛ ልጅ ብቻ ሆኑ ማለት ነው። የሾፌሩን ቃል ደግሞ ማን ያምነዋል? ባለ ጉዳይ ነው።

ልጁ እጁ በጀሶ ታስሮ፣ ቃሉን ሊሰጥ ከመሄዱ በፊት ወደ ቤታችን መጣና «ምን ብዬ ልናገር?» አለን።

የጥያቄው ክብደት ገብቷችኋል ብለን እናስባለን። «ምልክት አልነበረም» ቢል ጥፋቱ የአይሱዙው ይሆናል፤ የመኪናችንን ጉዳት የሚከፍለው የእርሱ የሦስተኛ ወገን መድን ይሆናል። «ነበረ፤ እኔ ግን ለጉሙ ፈጥኜ ነበር» ካለ ጥፋቱ ወደ እኛ ይዞራል። በዚያ ሰዓት አብረውን የነበሩ፣ ከልባችን የምናከብራቸው አንድ አባት «ልጄ፣ አትዋሽ። ግን ካልጠየቁህ ስለ ቅርንጫፉ አታንሳ» አሉት። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ለእኛ አዝነው ነው።

እኛስ ምን አልን? እውነቱን እንናገር፤ ወዲያው አልመለስንለትም። ለወጣቶች ስለ እውነት ስናስተምር የኖርን ሰዎች ቡና እስኪፈላ ድረስ ዝም አልን። በልባችን ያሰብነው «አልተጠየቀማ» የሚለውን ነበር። በኋላ ትዝ ያለን ዘሌዋውያን 5፥1 ነው። አይቶ ወይም አውቆ ምስክር የሆነ ሰው፣ ተናገር ሲባል ዝም ቢል ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። ዝምታ ራሱ ምስክርነት ነው፤ የሐሰት ምስክርነትም ሊሆን ይችላል። ስንመልስለት የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ «ያየኸውን ሁሉ ተናገር» አልነው። ልጁም ሄዶ ቅርንጫፉን ተናገረ፤ ፍጥነቱንም ተናገረ። ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። የአይሱዙው ሾፌር ከደቡብ ጎንደር የመጣ፣ እኛን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቶን የማያውቅ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ የልጁን እጅ ሊስም ነበር።

በከተማችን ወንጌላውያን ጥቂት ነን፤ ይህ ምስጢር አይደለም። ጎረቤቶቻችን ስለ ትምህርታችን ብዙም አይጠይቁንም። ሚዛናችንን፣ ብድራችንን፣ ቃላችንን ግን ያያሉ። አንድ ሰው ቢዋሽ «እገሌ ዋሸ» አይባልም፤ «ጴንጤው ዋሸ» ነው የሚባለው። ይህን የምንለው ለስም ብለን እንድንጨነቅ አይደለም። ግን ያ ልጅ በፖሊስ ጣቢያ የሰጠው ቃል እኛ በአሥር ዓመት ካደልናቸው በራሪ ወረቀቶች የበለጠ ሳይነበብ አልቀረም።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስና ብዙ ወገኖች የሚጠይቁንን እናንሳ፤ አማኝ ኢንሹራንስ መግባት አለበት ወይ? «የሚጠብቀኝ ጌታ ነው፤ ለምን ለሰው ድርጅት እከፍላለሁ?» የሚሉ አሉ። የሦስተኛ ወገኑ ክርክር የለውም፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ እርሱ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል። እርሱ የሚጠብቀው ሌላውን ሰው ነው፤ የምንገጨውን፣ ንብረቱን የምንሰብርበትን። የራሳችንን መኪና አይጠግንም። ለዚያ ሙሉ ሽፋን የሚባለውን በፈቃዳችን እንገባለን። ጌታን የሚያምን ሰው ዕድርም ይገባል፤ ዕድር የገባ ሰው «ትንሣኤን አያምንም» ሲባል ሰምተን አናውቅም። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት። መከታ መሥራት አለማመን ከሆነ ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው።

ዕድርን ያነሳነው በምክንያት ነው። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ የዕድር ብር የበላ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ አይሄድም። የኢንሹራንስን ብር በውሸት የወሰደ ሰው ግን ታሪኩን በሠርግ ቤት እንደ ቀልድ ያወራዋል፤ ሰሚውም ይስቃል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኢንሹራንስም ዕድር ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ዕድር። ብሩ የመጣው እንደ እኛ በየዓመቱ አረቦን ከሚከፍሉ ሰዎች ነው። ከ1968 ዓ.ም. እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የነበረው መድን ሰጪ አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለነበረ «የመንግሥት ነው፤ ቢወሰድስ» የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ የቀረ ይመስለናል። የግል ድርጅቶች ከተፈቀዱ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ አስተሳሰቡ ግን አብሮን አለ።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጉዳት ካሳ የሚናገረው ከምናስበው በላይ ነው። ዘፀአት 21 እና 22ን አንድ ቀን እንደ ኢንሹራንስ ሠራተኛ ሆናችሁ አንብቡት። የአንዱ በሬ የሌላውን በሬ ወግቶ ቢገድል በሕይወት ያለው ይሸጥና ዋጋው ይካፈላል፤ የሞተውንም ይካፈላሉ። ዛሬ የተሰበረ መኪና ቅሪት ተሽጦ ሒሳብ የሚሰላበት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። በሬው ተዋጊ መሆኑን ባለቤቱ አስቀድሞ ያውቅ ከነበረ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ ሙሉውን ይከፍላል። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ሕጉ የሚጠይቀው ይህን ነው። ደግሞ ዘፀአት 22፥13ን ተመልከቱ። ሰው በአደራ የተቀበለው ከብት በአውሬ ቢሰበር የተሰበረውን ለምስክርነት ያመጣል፤ ካመጣ አይከፍልም። የተሰበረውን ማምጣት! እኛ ዛሬ «መኪናው ሳይታይ አትንኩት፤ ገማች መጥቶ ያየዋል» የምንባለው ይኸው ነው።

የእኛን መኪና ገማች እስኪያየው ግን ብዙ ቀን ፈጀ። ሕጉ አደጋውን ካወቅን በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንድናሳውቅ ይላል። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ የአገራችንን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በስልክ አሳወቅን፤ የደወልንበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረንን ሠራተኛ ስም ደብተር ላይ ጻፍን፤ ደብዳቤውን ደግሞ በመጀመሪያው በተገኘ መኪና ባሕር ዳር ላክን። ይህች ደብተር በኋላ ጠቅማናለች። እናንተም ደብተር ያዙ። የሊብሬውንና የመንጃ ፈቃዱን ቅጂ፣ የፖሊሱን ማስረጃ፣ ፎቶውን ሁሉ አንድ ቦታ አስቀምጡ።

ገማቹ ከመምጣቱ በፊት አንድ ባቲላሜራ መኪናዋን ሊያይልን መጣ። ዙሪያዋን ከዞረ በኋላ የኋላ በሩን መታ መታ አደረገና «ይህንንም በዚሁ ይዩላችሁ፤ ማን ያውቃል?» አለን። የኋላ በሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ገበያ ቦታ ግንድ ገጭቶት የተጎደጎደ ነው። ባቲላሜራው ጥሩ ሰው ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል። ገማቹ መጥቶ ሲጽፍ የኋላ በሩ ላይ ደርሶ ቀና ብሎ አየን። «እርሱ የድሮ ነው» አልነው። ምንም ሳይል አለፈው። እውነት ለመናገር በዚያ ሰዓት በራሳችን ተደሰትን፤ ጻድቃን የሆንን መሰለን። ጌታ ግን ሌላ ወረቀት አዘጋጅቶልን ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። በጋራዦች መካከል ጨረታ ወጥቶ ዝቅተኛው የጥገና ዋጋ 330,000 ብር ነው ይላል። ለእናንተ የሚከፈለው ግን 198,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሳል። ሁለታችንም ጮኽን። ሌቦች አልናቸው። «አረቦን ሲቀበሉ ሳቁ፤ ካሳ ሲሆን ካዱ» አልን፤ በጸሎት ኅብረት ላይም እንዲህ ብለን ተናገርን፤ ወገኖችም አብረውን አዘኑ። በኋላ ግን እንግሊዝኛ ደህና የሚያነብ አንድ ወንድም ውሉን ይዞ ተቀመጠ። ውላችን በእንግሊዝኛ ነው። አገውኛ አፉን የፈታ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ ባላገር በሦስተኛ ቋንቋ የተጻፈ ውል ይፈርማል፤ ይህን ድርጅቶቹ ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ውሉም የ1952ቱ የንግድ ሕግም የሚሉት አንድ ነው። (በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑ ክፍል በአሮጌው እንደ ጸና ቀርቷል።) ንብረቱ በአደጋው ቀን የሚያወጣው ዋጋ ኢንሹራንስ ከተገባበት ገንዘብ በላይ ከሆነ ለልዩነቱ ባለቤቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ጉዳቱንም በዚያው ልክ ይካፈላል። በቀላሉ እንናገረው። መኪናችን 900,000 ብር ተብላ ነው የተጻፈችው። ድርጅቱ በአደጋው ቀን 1,500,000 ታወጣለች አለ። 900 ለ1,500 ማለት ከመቶ 60 ነው። ስለዚህ ከ330,000ው 60 በመቶውን እነርሱ፣ 40 በመቶውን እኛ። መኪናው ባይወድምም፣ ጉዳቱ ከ900,000 ብር በታች ቢሆንም ስሌቱ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ «ጉዳቱ ከገባሁበት ካነሰ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ብሎ ያስባል። እኛም እንዲሁ ነበርን።

ታዲያ 900,000 የሚለውን ቁጥር ማን ጻፈው? እኛ ነን። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ውሉን ስናድስ ቅጹ የመኪናዋን የወቅቱ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። በዚያን ወቅት ደላሎች 1,200,000 ይሏት እንደነበር እናውቃለን። ማታ እቤት ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ዋጋውን ከፍ ካደረግን አረቦኑ ይጨምራል፤ የልጆች ክፍያ አለ፤ «ያው የአምናውን እንጻፍ» ተባባልን። ባልና ሚስት ተስማምተን አንድ ቁጥር ጻፍን። ይህን ደብዳቤውን ይዘን ስናስታውስ በልባችን የመጣው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ነው፤ ሐናንያና ሰጲራ። እነርሱም ባልና ሚስት ነበሩ፤ እነርሱም በዋጋ ላይ ተስማምተው ነበር። ጴጥሮስ ሚስቲቱን የጠየቃት መሬቱን ስንት እንደሸጡት ነው። የመሬቱን ዋጋ ያህል ተራ ጥያቄ! ልጁን «ያየኸውን ሁሉ ተናገር» ብለን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስንሰደው የእኛ ዝምታ አሥር ወር ሙሉ በፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አንዳንዶች «ይህማ ውሸት አይደለም፤ ያነሰ ሽፋን መግዛት መብት ነው» ብለውናል። እውነት አለው። ድርጅቱ ፊት ለፊት «መኪናዬ 1,200,000 ታወጣለች፤ እኔ ግን ለ900,000 ብቻ መግባት እፈልጋለሁ» ማለት ይቻላል፤ ያ ንጹሕ ንግድ ነው። እኛ ግን እንዲያ አላልንም። ዋጋዋ ስንት ነው ተብለን 900,000 አልን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሰማይና ምድር ነው። ፈረስ ገበያ የዋለ የአገራችን ሰው ይህን ለማንም ሳይነገረው ያውቀዋል። ያነከሰ ፈረስ መሸጥ ነውር አይደለም፤ አላነከሰም ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ።

ይህን ካልን በኋላ ግን ለራሳችንም ፍትሕ እንጠይቅ። ከ1,200,000 ወደ ላይ የሄደው ዋጋ የእኛ ጥፋት አልነበረም። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 አለፈ። የአሮጌ መኪናም፣ የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ወጣ። አደጋው የደረሰብን ከዚያ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። በዚያ ወር ውስጥ መኪና ያለው የአገራችን ሰው ሁሉ፣ እውነቱን የጻፈውም ያልጻፈውም፣ ሳያውቀው ሽፋኑ ጎድሎ ነበር። ሕጉ የሚያየው የአደጋውን ቀን ዋጋ ነውና ድርጅቱ በሕግ አልተሳሳተም። ነገር ግን ለደንበኞቹ አንዲት አጭር የስልክ መልእክት፣ «ዋጋ ጨምሯልና ሽፋናችሁን አስተካክሉ» የምትል፣ ቢልክ ኖሮ ምን ይጎድለው ነበር? አረቦን የሚታደስበትን ቀን ለማስታወስ ሲልክ አይተናልና አቅሙ አለው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ምክር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። አንዱ «ለጌታ ተዉት» የሚል ነው። ይህን ቃል እናከብራለን፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6ም በወንድሞች መካከል ከመካሰስ መበደል እንደሚሻል ይናገራል። ግን ድርጅት ወንድም አይደለም፤ ውል የገባንበት ወገን ነው። ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 25 ላይ መብቱን ተጠቅሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል፤ ማንም በእምነት ማነስ አልከሰሰውም። እውነቱን እንናገርና፣ ብዙ ጊዜ «ለጌታ ትቼዋለሁ» የምንለው ባሕር ዳር መመላለስ ስለሰለቸን ነው። ለጌታ የተተወ ነገር ልብን ያሳርፋል፤ በስንፍና የተተወ ግን በየሠርጉ ቤት ሲታማ ይኖራል።

ሁለተኛው ምክር የመጣው ከአንድ ደላላ ነው። የመኪናዋ ዋጋ 1,500,000 አይደለም ብለን ለመከራከር የሦስት ደላሎች የዋጋ ማስረጃ ያስፈልገን ነበር። የመጀመሪያው ደላላ እስክሪብቶውን አውጥቶ «ስንት ብዬ ልጻፍላችሁ?» አለን። አየችሁት? ዋጋው ዝቅ ባለ ቁጥር የእኛ ድርሻ ይቀንሳል። 900,000 ብሎ ቢጽፍልን ሙሉውን እናገኛለን። ምሳሌ 20፥14 የሚናገረው ገዢ ሲገዛ ዕቃውን ያጣጥላል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይመካል። እኛ በሰኔ ወር አንድ ሰው መኪናዋን ሲጠይቀን ስንት ብለን እንደነበር እናውቃለን። ደላላውን «ከአደጋው በፊት በነበረችበት ሁኔታ፣ በዚያ ሳምንት፣ አንተ ራስህ የምትገዛበትን ጻፍ» አልነው። ተገርሞ አየን፤ ከዚያ 1,350,000 ብሎ ጻፈ። ሌላው 1,300,000፣ ሦስተኛው 1,400,000 አሉ።

ደግሞም ጨረታውን ያሸነፈው ጋራዥ መኪናዋን ሲፈታት ሻንሲው ከፊት ተጣሞ ተገኘ። ገማቹ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያይ ይህ አይታይም፤ ሲፈታ ነው የሚታየው። ድርጅቱ መጀመሪያ «በግምቱ ውስጥ የለም» አለ። እኛም ጋራዡን ሥራ አስቁመን፣ ምንም ሳይነካ ፎቶ አንስተን፣ ገማቹ ዳግመኛ መጥቶ እንዲያየው በደብዳቤ ጠየቅን። አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ደብዳቤ፣ ሦስተኛውን ይዘን ራሳችን ሄድን። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም ነበር። በደብዳቤያችን መጀመሪያ ያደረግነው ግን የራሳችንን ማመን ነበር። «ውሉን ስናድስ የጻፍነው ዋጋ ከገበያው በታች እንደነበር እናውቃለን፤ ስለዚህ የድርሻ ስሌቱን አንቃወምም። የምንቃወመው ሁለት ነገር ነው፤ የገበያውን ግምትና የሻንሲውን መቅረት» ብለን ጻፍን። ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ይህን ካነበበ በኋላ ፊቱ ተለወጠ። «ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚመጣው» አለን። እኛም በቤታችን ስንጮህ እንደነበር አልነገርነውም።

የማታውቁት ካላችሁ እንንገራችሁ፤ ድርጅቱ ባይሰማን ኖሮ የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታ ይቀርብለታል። ፍርድ ቤትም አለ፤ ግን ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳልና «ለጌታ ትቼዋለሁ» እያላችሁ ቀኑን አታሳልፉ። እኛ እዚያ አልደረስንም። ገማቹ ተመልሶ መጥቶ ሻንሲውን አየ፤ የጥገናው ዋጋ 420,000 ሆነ። የመኪናዋ የገበያ ዋጋም 1,350,000 ተብሎ ተያዘ። 900 ለ1,350 ከሦስት ሁለት እጅ ነው፤ 280,000 ብር መጣ፣ ከተቀናሹ በፊት። ከመጀመሪያው በ82,000 ብር ይበልጣል። ቀሪውን 140,000 እኛ ከፈልን። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የብር መውደቅ፣ ስንቱ የዚያች ማታ ስምምነታችን ዋጋ እንደሆነ በወረቀት አስልተነዋል። በ1,200,000 ገብተን ቢሆን ኖሮ የእኛ ድርሻ ወደ 47,000 ይወርድ ነበር። 93,000ው የእኛ ነው። ያን ዓመት በአረቦን ያተረፍነው ብር ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

ልጁም ጥያቄ አለበት፤ «እኔ ቅርንጫፉን ባልናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር አይደል?» አለን አንድ ቀን። አዎ፣ ባልመጣ ነበር። የአይሱዙው መድን ይከፍል ነበር፤ ሾፌሩም ሥራውን ሳያጣ አይቀርም ነበር። እውነት ተናግረን ከሰርን፤ ይህን በሌላ መንገድ ልንነግረው አልፈለግንም። መዝሙር 15 በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ለራሱ ጉዳት ቢሆንም እንኳ የማለውን የማይለውጥ ሰውን ይቆጥራል። ጉዳቱ እንደሚኖር መዝሙሩ አልደበቀም። በየምስክርነቱ «እውነት ተናገርኩ፤ ጌታም እጥፍ አድርጎ መለሰልኝ» የሚለውን ብቻ የምንሰማ ከሆነ ያልተመለሰላቸው ወጣቶች ምን ይሰማቸዋል? የኅብረታችን ሰዎች ለጥገናው 18,000 ብር አዋጥተውልናል፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ከዚህ ሌላ የመጣ ተአምር የለም።

የካሳ ቅጽ በሞላችሁ ቁጥር አብሯችሁ የሚጸልይ ብቻ ሳይሆን አብሯችሁ ውሉን የሚያነብ ሰው ፈልጉ። በየአጥቢያችን ባንክ ቤት ወይም ኢንሹራንስ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ በዝማሬና በበር ጥበቃ ብቻ አናገልግላቸው፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠው የወገኖችን ውል በአማርኛና በአገውኛ ቢያስረዱ ትልቅ አገልግሎት ነው። እኛ በአጥቢያችን ሽማግሌዎችን ጠይቀናል፤ እስካሁን «እናየዋለን» ብለውናል።

መኪናዋ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ከጋራዥ ወጣች። ኮፈኑ ሌላ ቀለም ነው። ውሉን ስናስተካክል ሦስቱንም ደላሎች እንደገና ጠየቅን፤ የነገሩንን ጻፍን። አረቦኑን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን፤ ከዚያ ከፈልን። የኋላ በሩ እንደተጎደጎደ ነው።